ቆላ ማደር

እኛ ደገኞች ደሴ እንሄዳለን፣ ጎንደር እንሄዳለን፤ ቆላ ግን እንወርዳለን። ግሡን ያመጣው የመሬቱ አቀማመጥ ነው ብትሉኝ አልከራከርም። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ በጣሊያን ጊዜ በተፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ያለፈ መኪና፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ እየተጠማዘዘ ይወርድና 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ያርፋል። ከደብረ ሲና እስከዚያ ያለው መንገድ ቢበዛ 35 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚህች አጭር መንገድ ጋቢው ይወልቃል፣ ሹራቡ ይከተላል፣ የአውቶቡሱ መስኮት ይከፈታል። ገብስና ባቄላው ወደ ኋላ ይቀርና ጤፉ ይመጣል፤ ጤፉን ማሽላ፣ ማሽላውን ደግሞ ማሾ፣ ሽንኩርትና ፓፓያ ይተካዋል። ጆሮም ይደፈናል። እንግዲህ «ወረድን» ማለት እውነት ነው።

ነገር ግን ቃሉ ከመሬቱ ሌላም የተሸከመው አለ። ወረደ ስንል የሰውየው ማዕረግም አብሮት የወረደ ይመስለናል። ደገኛው ቆለኛውን ሲያነሣ ድምፁ ውስጥ ያለችውን ነገር የሰማ ያውቃታል።

ሸዋ ሮቢትን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በደሴ መንገድ ላይ ናት፤ የቀወት ወረዳ ከተማ ነበረች፣ ዛሬ የራሷ አስተዳደር አላት። ሰው የሚያውቃት ግን ምሳ የበላባት፣ ቀዝቃዛ ውኃ የገዛባት፣ «ኧረ ሙቀቱ!» ያለባት ከተማ አድርጎ ነው። ሮቢት የሚባል ሌላም ስላለ ይመስለኛል፣ «ሸዋ» ብለን የምንለያት። እኔም ለብዙ ዓመት እንደ ማንኛውም መንገደኛ አልፌባታለሁ። አንድ ጊዜ ታዲያ ሒሳብ ልትቀበል የመጣች ልጅ «ጋሼ፣ ያድራሉ ወይስ ያልፋሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። አልጋ ልታከራየኝ ነው፤ ሌላ ፍልስፍና የለባትም። እኔ ግን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ቃል ሲወረወርብኝ ዝም ብዬ ማሳለፍ አይሆንልኝም። የይፋት ቆላ ታሪክ በሙሉ በዚህች ጥያቄ ውስጥ ያለ መሰለኝ። ማን ያድራል? ማንስ ያልፋል?

ማደር በአማርኛ ትልቅ ቃል ነው። ሰላምታችን «እንዴት አደርክ» ነው። ሰውን በሥራው ስንጠራው በአዳሩ ነው የምንጠራው፦ አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር፣ ወዝ አደር። ወታደርንም «ወጥቶ አደር» ብለው የሚተነትኑት አሉ። መተዳደሪያውም፣ አስተዳደሩም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። (ቃሉ ብቻውን ሲቆም በየመንገድ ዳሩ ከተማ ሌላ ትርጉም እንዳለው አውቃለሁ፤ እሱም ቢሆን የከባድ መኪና ሾፌሮች አዳር የፈጠረው ታሪክ ነው።) ባጭሩ በቋንቋችን ሰው የአንድ ቦታ ሰው የሚሆነው ቀን ሲውልበት አይደለም፤ ሌሊቱን ሲያሳልፍበት ነው። የደጋው ሰው ደግሞ ለብዙ ዘመን በቆላ ያላደረገው ነገር ቢኖር ይህንኑ ነው። አርሶ ይመለሳል፣ ነግዶ ይመለሳል፣ ግብር አስከፍሎ ይመለሳል፣ ዘምቶ ይመለሳል። ውሎ ገባ ነው።

ምክንያቱ ንዳድ ነበር። ዛሬ «ወባ» ብለን የበሽታውን ስም አለዝበነዋል፤ አባቶቻችን ግን ሰውነትን እንደ እሳት ስለሚያነደው ንዳድ አሉት። ከየት እንደሚመጣ የሚነገረው ብዙ ነው፤ አንዱ ከመጥፎ አየር፣ ሌላው ከውኃው፣ ሌላው ከቆላ እሸት ነው ይላል። መድኃኒቱ ላይ ግን ሁሉም ይስማማ ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳገቱን መውጣት። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ትንኟ በዋነኛነት የምትናደፈው ደግሞ ከምሽት እስከ ንጋት ነው። እንግዲህ ደገኛው ምክንያቱን ሳያውቅ ሕጉን አውቆት ነበር ማለት ነው። ይህንን ዕውቀቱን አደንቃለሁ። የማላደንቀው ሕጉ እየዋለ እያደረ ወደ ንቀት መለወጡን ነው፦ ቆላ ማደር አደገኛ ነው የሚለው፣ ቆላ የሚያድር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ወደሚል ዞረ።

በሽታው ራሱ ይህንን ክፍፍል አላከበረም። በአገራችን ከተመዘገቡት የወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው በ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የዘለቀው ነው። ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ወረርሽኙ ክፉኛ የመታው ቆላውን ሳይሆን ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያለውን፣ ራሱን ደኅና ነኝ ሲል የኖረውን አገር ነው። በየዓመቱ ወባን የሚያውቀው የቆላ ሰው ደሙ ትንሽም ቢሆን ተለማምዶት ነበር። የላይኛው ግን ምንም መከላከያ አልነበረውም። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው ከዚህ እልቂት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ዲዲቲ የተሸከሙት ረጪዎች ቆላውን ለመንደር የከፈቱት ደጋው ከተቀጣ በኋላ መሆኑ ነው።

«ከፈቱት» ስል ግን ቆላው እስከዚያ ባዶ ነበር ማለቴ አይደለም። በትምህርት ቤት የተነገረን ታሪክ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። በይፋት የሚያድር ሰው ነበረ፤ ያውም በድንጋይ ቤት፣ ያውም በከተማ።

እ.ኤ.አ. በ1285 ዑመር ወላስማ የሸዋን ሱልጣኔት አሸንፎ የይፋትን መንግሥት አጸና። ወላስማዎች እስከ 15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣውን የንግድ መንገድ ይዘው ኖሩ። በ14ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ካይሮ ተቀምጦ ስለ ይፋት የጻፈው አል ዑመሪ አገሩን በዓይኑ አላየውም፤ ዐብደላህ አል ዘይላዒ ከሚባል ሰው ጠይቆ ነው የጻፈው። ቢሆንም እህሉን፣ ፍሬውን፣ ሸንኮራ አገዳውን፣ ጫቱን ሳይቀር ይዘረዝርልናል። እንዲህ ያለ ዝርዝር አላፊ አግዳሚ ሊሰጥ የሚችለው አይመስለኝም፤ የጓሮውን ተክል የሚያውቅ ያደረ ሰው ነው።

የእኛው መጽሐፍ ግን ሌላ ነው። የዐፄ ዓምደ ጽዮን የዘመቻ ዜና መዋዕል በግእዝ ሥነ ጽሑፋችን ውስጥ በጣም ከምወዳቸው አንዱ ነው፤ ሳስተምር ተማሪዎቼን በእሱ አድክሜያቸዋለሁ። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1332 በይፋቱ ገዢ በሰብር አድ ዲን ላይ ሲዘምት የሚተረከው ትረካ ዛሬም ልብ ያንጠለጥላል። ሰብር አድ ዲን የንጉሡን ከተማ ይዤ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ መዛቱን የምናገኘው እዚያ ነው። ዛቻውን ልብ በሉልኝ፤ አቃጥላለሁ አላለም፣ እተክላለሁ አለ። ጫት ደግሞ እስኪደርስ ዓመታት የሚፈልግ ተክል ነው፤ የሚተክለው ሊያድር የመጣ ሰው ብቻ ነው። ዜና መዋዕሉ ግን ስለ ይፋት ሰው አዳር ምንም አይነግረንም። ይፋት እዚያ ውስጥ የሚወረድበት፣ የሚወጋበት፣ የሚማረክበት አገር ነው። ደራሲው ከንጉሡ ጋር ወርዶ ከንጉሡ ጋር ይመለሳል፤ አንባቢውም እንደዚያው።

የቀረውን የነገሩን ድንጋዮቹ ናቸው። ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ፍራንስዋ ዛቪየ ፎቬል፣ በርትራንድ ሂርሽና ባልደረቦቻቸው በይፋት አፋፎች ላይ ፍርስራሾቹን አንድ በአንድ መዝግበዋል፦ አስባሪ፣ መሳል፣ ራሳ ጉባ፣ ኖራ፣ በሪ ይፋት። መስጊዶቹ፣ የመኖሪያ ቤቶቹ ግድግዳ፣ እርከኖቹ፣ የመቃብር ቦታዎቹ አሉ። በበሪ ይፋት የወላስማዎቹ መቃብር በዐረብኛ ጽሑፉ እስከ ዛሬ ይነበባል። አሠፋፈራቸውን ያየ ብልሃቱ ይገባዋል። ከተሞቹ የተቆረቆሩት ከሜዳው ግራር ላይ ሳይሆን ወደ ሜዳው በሚመለከተው የተራራ ትከሻ ላይ ነው። ሜዳው ይታያል፣ ግመሉ ይደረስበታል፣ ሌሊቱ ግን ከፍ ብሎ ነው። የአርጎባ መንደሮችም እስከ ዛሬ የሚታዩት በዚያው ልማድ፣ ደገኛው «ቆላ»፣ ቆለኛው «ደጋ» በሚለው ትከሻ ላይ ነው። ሌላው የሚያልፍበትን ቦታ ቤታቸው አድርገው ሲኖሩ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ በታሪክ መጽሐፎቻችን ግን የተሰጣቸው ሁለት መስመር ነው።

ስለ ማደርና ስለ ማለፍ ካነሣን አይቀር ሁለት እንግሊዞችን ላንሣ። ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 የመንግሥቱን መልእክት ይዞ፣ በታጁራና በአዋሽ አድርጎ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ። ውል ተፈራረመ፤ አንኮበርና አንጎለላ ሲመላለስ ኖረ፤ ተመልሶም ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ጻፈ። በመጽሐፉ ይፋት ከአንኮበር ሰገነት ቁልቁል የሚታይ ሰማያዊ ጭጋግ ነው፤ ውብ ነው፣ ሩቅ ነው። ቻርልስ ጆንስተን ደግሞ በማግሥቱ ዓመት በዚያው መንገድ የመጣ ሐኪም ነው። ከሃሪስ ጋር አልተስማማም፤ ከአንኮበር ግርጌ ካለችው ከአልዩ አምባ የነጋዴዎች ከተማ ቤት ይዞ ለወራት ተቀመጠ። ንዳድ ያዘው፤ እየተንቀጠቀጠ ተኛ፤ ጎረቤት ጠየቀው። ሁለቱም መጽሐፎች የታተሙት እ.ኤ.አ. በ1844 ነው። ዝነኛው የሃሪስ ነው። ገበያውን፣ አሞሌ ጨው ሲመነዘር፣ ቤት እንዴት እንደሚሠራ፣ ሸማኔው እንዴት እንደሚቀመጥ ለማወቅ የሚፈልግ ግን የታመመውን ሰውዬ መጽሐፍ ያንብብ።

የሃሪስ መጽሐፍ አንድ ነገር ግን ያስተምረናል። በሣህለ ሥላሴ ዘመን የይፋት ገዢ ማዕረግ «ወላስማ» ነበር፤ በ1285 መንግሥት የመሠረተው ቤት ስም ከ550 ዓመት በኋላ ለሸዋ ንጉሥ ግብር የሚሰበስብ ሹም መጠሪያ ሆኖ ቆየ። ያ ሹም፣ ወላስማ መሐመድ፣ ሌላም ኃላፊነት ነበረው። ጎንቾ የሚባለውን የመንግሥት እስር ቤት የሚጠብቀው እሱ ነው። ለአልጋ ያሰጋሉ የተባሉ የንጉሡ ወንድሞች ሳይቀሩ ታስረው የኖሩት እዚያ ነው። ደጋው ራሱ የማያድርበትን አገር፣ እንዲያድር ያልፈለገውን ሰው ማሳደሪያ አድርጎታል ማለት ነው።

ነገሩ የድሮ ብቻ ቢሆን ባልተገረምን። ሸዋ ሮቢትን በስም ብቻ የሚያውቃት ሰው ዛሬም ቢሆን የሚያውቃት በማረሚያ ቤቷ ነው። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. የቂሊንጦ እስር ቤት ከተቃጠለ በኋላ ብዙ እስረኞች የተወሰዱት ወደዚያ ነው። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ስንቅ ቋጥረው የሚወርዱ እናቶች ነበሩ። በአማርኛ እነዚህን «ጎብኚ» አንላቸውም፤ «ጠያቂ» ነው የምንላቸው። ጠያቂ ካሜራ አይዝም። አውቶቡስ ካመለጠው ግን ሳይወድ ያድራል፤ ከተማይቱንም ያኔ ያውቃታል።

ከተማይቱ እንዴት በቀለች ከተባለ፣ መልሱ መንገድ ነው። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የአልዩ አምባ የግመል መንገድ ጭር አለ። ከዚያ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. መጥቶ የአስመራን መንገድ በጣርማ በር በኩል ሲቀድ፣ ሕይወት ከተራራው ትከሻ ወርዳ ሜዳው ላይ፣ ሮቢ ወንዝ አጠገብ ተቀመጠች። መንገደኛ ውኃ ይጠጣል፣ ውኃ የሚሸጥ ቤት ይሠራል፣ ቤት የሠራ ያድራል። በኋላ የወባው ርጭት፣ በሮቢ ውኃ የሚለማው እርሻ፣ የትምባሆው እርሻ የቀን ሠራተኛ፣ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እየተደራረቡ መጡ። ከመንዝ የወረደው፣ ከወሎ በድርቅ የመጣው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ በአንድ መንደር ሌሊቱን ማሳለፍ ጀመሩ። ትንሽ ወደ ሰሜን ሰንበቴ ላይ እሑድ እሑድ የሚቆመው ገበያ የእነዚህ ሁሉ መገናኛ ነው፤ በሬውም፣ ፍየሉም፣ ቅቤውም፣ ሸማውም እዚያ ይገናኛል። ገበያ ግን ውሎ ገባ ነው፤ ሲመሽ ሁሉም በየአቅጣጫው ይበተናል። ከተማ አይበተንም።

ለዚህ ዋጋ የከፈለው ዱሩ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ አፋር ሲወጡ ያለው የግራር ጫካ፣ ድሮ ደገኛውን በሌሊቱ የሚያስፈራው፣ ከሰው አዳር ጋር እየሳሳ ሄደ። አንዱ ለማሳ መነጠረው፣ አንዱ ከሰል አደረገው፤ ከሰሉን ደግሞ የገዛነው እኛው ነን፣ ስናልፍ፣ በመኪና ጣራ ጭነን። እላይ ደብረ ሲናና አንኮበር መካከል ስላለው የወፍ ዋሻ ደን ብዙ ይባላል። የመናገሻው ደን ጽድ ዘሩ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከዚያ እንደተወሰደ በሰፊው ይነገራል፤ ጥናት ይደረግለታል፣ ፕሮጀክት ይቀረጽለታል። ተገቢ ነው። ለግራሩ ግን የሚያለቅስለት አላየሁም። ግራር እሾህ ነው፣ ቆላ ነው፤ ማንም ዘውድ የጫነ ሰው ተከለው አልተባለለትም። ከብቱ የሚበላው የእሱን ፍሬ፣ ንቡ የሚቀስመው የእሱን አበባ መሆኑን የሚያውቀው እዚያ የሚያድረው ሰው ብቻ ነው። የሚቆርጠውም እሱ መሆኑን አልክድም። የነዋሪ ወግ ይኸው ነው፤ ዛፉን ከማንም አብልጦ ያውቀዋል፣ ሲቸግረው ደግሞ ይቆርጠዋል።

የታሪክ ምሁሩ አሕመድ ሐሰን ዑመር በደርግ ዘመን ስለነበረው ሰሜን ሸዋ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት የሰጠው ርእስ «ቅርብ ግን ሩቅ» እንደማለት ነው። ለአዲስ አበባ ይህን ያህል ቀርቦ ይህን ያህል የተረሳ አገር ጥቂት ነው። መረሳቱ በሰላም ጊዜ የመብራትና የውኃ ጉዳይ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ጥያቄው «ይህ ቦታ የማን ነው?» ይሆናል። ያን ጊዜ ሁሉም አንድ አንድ ዘመን መርጦ ይቆማል። አንዱ ዓምደ ጽዮንን፣ አንዱ ወላስማን፣ አንዱ ከዚያ በኋላ የመጣውን። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል የሆነውን አይተናል። «መጤ» የሚለው ቃል የተመዘዘበት ሰው እኮ እዚያው ያደረ፣ እዚያው የወለደ፣ እዚያው ንዳድ የያዘው ሰው ነው። ለቃሉ አልጎረበጠንም፤ ምክንያቱም እኛ ራሳችን ቆላውን የምናውቀው በማለፍ ስለሆነ፣ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ እንደኛው አላፊ ይመስለናል።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሰዉ ዳገቱን ወጣ። ከተማይቱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ ወሩ ሳያልቅ ተመለሰች። ስንት ዘመን ደገኛው ሲመሽ ከቆላ የሸሸበትን መንገድ ያን ሰሞን ቆለኛው ሸሸበት፤ ቀጭን ልብስ ለብሶ፣ ልጅ አዝሎ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ብርድ። ደብረ ብርሃን ካገኘኋቸው ተፈናቃዮች ጋር ጥቂት ተጫውቻለሁ። ስለ ብርዱ አወሩኝ፤ በደጋ ማደር ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ሌሊቱ እንዴት እንደማይነጋ። እኛ ስለ ሙቀታቸው የምናወራውን ነው መልሰው የሰጡን። ከተማይቱ መለቀቋ ሲሰማ መኪና ፍለጋ ወጡ። አንዲት እናት ከዘመዶቿ ጋር በስልክ ስትነጋገር «ነገ እንገባለን» አለች። እንወርዳለን አላለችም። ከዚያ ቀጥላ የጠየቀችው ስለ ሽንኩርት ችግኙ ነው፤ የመትከያው ጊዜ ሊያልፍ ነበር፣ መደቡን ውኃ ያጠጣው ሰው ይኑር አይኑር አታውቅም።